ሁለተኛዋ ኳስ

የመጀመሪያዋ ኳስ ገባች። ልጆቹ ጮኹ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሁለተኛዋ የቅርጫቱን እግር መታች። ሦስተኛዋ መንገድ ላይ ቀረች። አራተኛዋ ከሮቦቱ አፍ ወጥታ እግራችን ሥር ተንከባለለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልጮኸም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ብዙም በማትርቅ ጠባብ ክፍል፣ ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና እኔ ተሰብስበናል። ለተማሪዎች ውድድር የሚሆን ሮቦት እየሠራን ነው። ሮቦቱ ኳስ ከመሬት ያነሳል፣ ወደ ቅርጫት ይወረውራል። በተሰጠው ደቂቃ ብዙ ኳስ ያስገባ ያሸንፋል። ሲወራ ቀላል ነው። ለአንድ ወር ያህል እኛም ቀላል መስሎን ቆየን።

ያቺ ሁለተኛ ኳስ ግን እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የሠራነው ሥራ ሁሉ ለእሷ ሲባል የተሠራ ነው።

ኳስ ለመወርወር ብዙ መንገድ አለ። ስፕሪንግ ወጥሮ መልቀቅ ይቻላል። በላስቲክ መወንጨፍም ይቻላል። ችግሩ ከእያንዳንዷ ኳስ በኋላ እንደገና መወጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙ የተማሪ ቡድኖች የሚሽከረከር ጎማ ይመርጣሉ። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ካመን በፈረንጆቹ 1989 የመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች ላይ ኳስ መወርወር በታዘዘባቸው ዓመታት ይህ ጎማ በብዙ ሮቦቶች ላይ ይታያል። ጎማው አስቀድሞ ይሽከረከራል። ኳሷ በጎማውና ከጀርባው ባለው ጎባጣ ላሜራ መካከል ትገባለች። ጎማው ይዟት ይሄድና ይለቃታል።

ከልጆቹ አንዱ ገጠር ያደገ ነው። ሲነግሩት ወዲያው ገባው። «ወንጭፍ ነዋ!» አለ። ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ የኖረ ልጅ ነው። እውነቱን ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ በወንጭፍ ድንጋዩ ራሱ አብሮ ይሽከረከራል። እዚህ ጎማው ብቻውን ሲሮጥ ይቆይና ቆማ የነበረችው ኳስ ድንገት ትሳፈርበታለች። የኛ ችግር ሁሉ ያለው በዚያ ድንገት ውስጥ ነው። እኛ ግን ያኔ አላየነውም። ያየነው ፍጥነትን ብቻ ነው።

የፍጥነቱን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው አወጡት። የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። የቅርጫቱ አፍ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል። ኳሷ ከሮቦቱ የምትወጣው በ40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። ርቀቱ 3 ሜትር ነው። በ55 ዲግሪ ከተወረወረች፣ የአየሩን ግፊያ ለጊዜው ትተን፣ በሰከንድ 6 ሜትር ያስፈልጋታል።

ጎማው ግን በሰከንድ 6 ሜትር ቢሮጥ አይበቃም። ይህን ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ የረዳኝ ግንድ ነው። ከባድ ድንጋይ በግንድ ላይ ሲያንከባልሉ አይታችኋል? ግንዱ አንድ ሜትር ሲሄድ ላዩ ላይ ያለው ድንጋይ ሁለት ሜትር ይሄዳል። አሁን ነገሩን ገልብጣችሁ አስቡት። ኳሷ ግንዱ ናት። የቆመው ላሜራ መሬቱ ነው። ጎማው ደግሞ ድንጋዩ። ስለዚህ ኳሷ የምትይዘው የጎማውን ጠርዝ ፍጥነት ግማሽ ነው። ጠርዙ በሰከንድ 12 ሜትር መሮጥ አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ላለው ጎማ ይህ በደቂቃ 2,300 ዙር ገደማ ነው።

ሁለት ጎማ ፊት ለፊት ቢደረግ ኳሷ የጎማዎቹን ፍጥነት በሙሉ መያዝ ትችላለች። ነገር ግን ሁለት ሞተር ያስፈልጋል። ደግሞም በአንድ ጎማ የተወረወረች ኳስ ወደ ኋላ እየዞረች ትበራለች። ይህ ዙር አየር ላይ ትንሽ ደግፎ ይይዛታል። ከቅርጫቱ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ ስትነካም ወደ ታች ይመልሳታል። እኔ አንድ ጎማ እወዳለሁ። ልጆቹም በዚያው ተስማሙ።

በስሌቱ 2,300 ዙር በቂ ነበር። በሙከራ ግን አልበቃም። ኳሷ እስክትገባ ድረስ እየጨመርን፣ እየጨመርን፣ ከ3,000 በላይ ደረስን። ያኔ ቆም ብለን ለምን ብለን መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም። ገባች፣ ጮኽን።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሌላ ስሌት ሠራሁ። የፍጥነት አይደለም፤ የጉልበት ክምችት ነው። ጎማችን ፕላስቲክ ነው፤ 100 ግራም ይመዝናል። በ2,300 ዙር ሲሽከረከር ውስጡ ያለው ጉልበት 3.6 ጁል ገደማ ነው። ኳሳችን የስፖንጅ ናት። ዲያሜትሯ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 75 ግራም። በሰከንድ 6 ሜትር እየበረረች፣ እየዞረችም ስትወጣ ወደ 2 ጁል ይዛ ትሄዳለች። ያንን ያህል ደግሞ ጎማው ኳሷን ሲይዛት በመንሸራተት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሲደመር 4 ጁል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል።

3.6 ብር ያለው ሰው 4 ብር እንዲከፍል ተጠየቀ ማለት ነው። የጎደለውን ሞተሩ በዚያች ቅጽበት እየታገለ ይሞላ ነበር። ፍጥነቱን ስንጨምር የመጀመሪያዋ ኳስ የምትከፍለው አገኘች። ለሁለተኛዋ ግን የተረፈ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ለልጆቹ ሳሳያቸው አንዷ ልጅ ደብተሬን ቀማችኝና ሌላ ነገር አሰላች። ፍጥነቱ ከ100 በ5 ብቻ ቢቀንስ ኳሷ ቅርጫቱ ጋ ስትደርስ ምን ያህል ዝቅ ትላለች? መልሱ 40 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በ2 ብቻ ቢቀንስም 15 ሴንቲ ሜትር። «በቃ፣ ጠላታችን ይሄ ነው» አለች። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ጻፈችው። እስካሁን እዚያው አለ።

የማዕዘኑ ነገር ግን ተቃራኒ ነው። ለኛ ርቀትና ከፍታ ትንሹ ፍጥነት የሚበቃው 51 ዲግሪ አካባቢ ሲወረወር ነው። በዚያ አካባቢ ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ቢሳሳት ኳሷ ብዙም አይሰማትም። 55ን የመረጥነው ኳሷ ከላይ ወደ ታች ጥሩ አድርጋ እንድትገባ ነው። እኛ ግን ለሦስት ሳምንት ላሜራውን ስናጎብጥና ስናቃና ነበር የከረምነው። የሚያስቸግረው ፍጥነቱ ሆኖ ሳለ የለፋነው ማዕዘኑ ላይ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ቶርኖ ቤት ነው። ከተማው ውስጥ ብረት የሚቆርጡልን አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ፖሊ ውስጥ ነው ሙያውን የቀሰሙት። ፖሊቴክኒኩ በፈረንጆቹ 1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ ነው። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ የከተማው ሰው ግን አሁንም ፖሊ ነው የሚለው። ከልጆቹ ጋር ሄድን።

«ጋሼ፣ የብረት ቀለበት ያወጡልናል?»

«ለምንድን ነው?»

አስረዳናቸው። ጎማውን በእጃቸው ይዘው አገላበጡት። ላባ የያዙ ይመስል ነበር።

«ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ቮላኖ የለውም። ቮላኖ የሌለው ወፍጮ እህል ሲገባበት ታንቆ ይቆማል።»

ይህ ቃል ከእኔ የአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጥ ነበር። ወፍጮ ቤት ያላየ ልጅ የለማ። የናፍጣ ወፍጮ ሞተር ጎን ያለውን ከባድ የብረት ክብ ሁሉም ያውቁታል። ለምን እዚያ እንዳለ ግን ጠይቀው አያውቁም። እህሉ በአንዴ ሲገባ ሞተሩ ብቻውን አይችለውም። ያ ክብ ቀደም ብሎ ያጠራቀመውን ያበድረዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዷ ልጅ የእናቷን እንዝርት ይዛ መጣች። ጥጥ የሚፈትሉበት እንጨት ነው። ያቺን ክብ ነገር አውልቃ አሽከረከረችው። ወዲያው ቆመ። መልሳ ሰካችውና አሽከረከረችው። ዞረ፣ ዞረ። «እማዬ ቀላል እንዝርት ቶሎ ይቆማል ትላለች» አለችን። አዘውትሬ ያየሁት ዕቃ ነው፤ አያቴም ነበራት። ይህንን ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር። ደስ አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለልጆቹ በደንብ የነገርኳቸው አይመስለኝም።

ጢስ ዓባይም ያው ነው። ከኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ኃይል ማመንጫ ውስጥ ውኃው የሚያዞረው ብረት በጣም ከባድ ነው። ድንገት ብዙ ሰው ምጣዱን ሲሰካ የመብራቱ ሞገድ ከ50 ኸርዝ ቶሎ እንዳይወርድ መጀመሪያ የሚይዘው የዚያ ብረት ክብደት ነው።

ጋሼ 400 ግራም የሚመዝን ቀለበት አወጡልን። ክብደቱን መሀሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ እንዲያደርጉት ለመንናቸው። ምክንያቱም ያው ክብደት ከመሀል በግማሽ ርቀት ላይ ቢቀመጥ የሚሰጠው አንድ አራተኛውን ብቻ ነው። ሳንለምናቸውም ያውቁት ነበር። ቀለበቱ ሲገጠም በዚያው 2,300 ዙር ክምችቱ ከ3.6 ወደ 27 ጁል ዘለለ። አሁን ኳሷ 4 ጁል ስትወስድ ፍጥነቱ የሚወርደው ከ100 በ7 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ2,500 ጀመርን። ወርዶ ሲለቃት የሚፈለገው ቦታ ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ልጆቹ ተከራከሩኝ። «7 እኮ ብዙ ነው! ግድግዳው ላይ 5 ጠላት ነው ብለናል» አሉ። ጥሩ ክርክር ነበር። መውረዱ ራሱ አይጎዳም። የመጀመሪያዋም በ7፣ ሁለተኛዋም በ7፣ አሥረኛዋም በ7 ካወረደችው ሁሉም አንድ ቦታ ይገባሉ። የሚጎዳው ሁለተኛዋ ጎማው ሳያገግም ስትገባ ነው።

ከባድ ከሆነ ለምን 800 ግራም አላደረጋችሁም የሚል ይኖራል። ሞክረናል። ጎማው ከቆመበት ተነስቶ ለመድረስ ዕድሜ ፈጀበት። ከወረደም በኋላ ቶሎ አይመለስም። ባትሪውንም ጠጣው። 400 ላይ ተመለስን።

ብረት ሲሽከረከር ደግሞ ቀልድ የለም። ቀለበቱ በአንድ በኩል 1 ግራም ብቻ ቢከብድ፣ በ2,500 ዙር 300 ግራም ያህል የሚጎትት ኃይል በየዙሩ አቅጣጫ እየቀየረ ኩሽኔታውን ይደበድበዋል። መጀመሪያ ሲነሳ ጠረጴዛው ራሱ ተንቀጠቀጠ። መላውን ያገኘነው ከብስክሌት ሠሪ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት የማይነዳባት ሰፈር የለም። ሠሪው ጎማ አንጠልጥሎ በዝግታ ይለቀዋል። የከበደው በኩል ሁልጊዜ ወደ ታች ይመጣል። እኛም እንደዚያ አደረግን። ወደ ታች የመጣውን በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ በትንሽ መሰርሰሪያ ነካ አደረግነው። እንደገና ለቀቅነው። ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ቀለበቱ የትም ቦታ ላይ ሲተዉት ዝም ብሎ የሚቆም ሆነ። ጠረጴዛውም ጸጥ አለ።

ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከባድ ጎማ ያለ መከለያ አታሽከርክሩ። እኛ በጎኖቹ ወፍራም የማይሰበር ፕላስቲክ ገጠምን። ያለ መነጽር የሚቀርብ የለም። ጎማው ሲዞር በዙሩ መስመር ላይ ማንም አይቆምም። በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ጎማ ላይ ብረት አስሮ ማፍጠን ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። የልጆች ዓይን ከየትኛውም ዋንጫ ይበልጣል።

ቀጥሎ ያስቸገረን ባትሪው ነው። ጠዋት ሁሉም ኳስ ይገባል። ከሰዓት ሁሉም ያጥራል። ባትሪው ተሞልቶ ሲመጣ ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል። ከሰዓት ሥራ ላይ ወደ 11 ይወርዳል። ኮዳችን ሞተሩን «ከባትሪው ቮልት ከመቶ ይህን ያህል እጅ ይዘህ ሥራ» ነበር የሚለው። ከ13 ላይ 70 እጅና ከ11 ላይ 70 እጅ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ዙሩን የሚቆጥር ኢንኮደር ገጠምን። ኮዱ አሁን ሞተሩን የሚያዘው በፍጥነት ነው። ለ2,500 ዙር ስንት ቮልት እንደሚበቃ አስቀድሞ ይገምታል። ከዚያ የጎደለውን እያየ ያርማል። ግምቱን ሳያስገቡ በእርማት ብቻ መሄድ ጎማውን ሲያወዛውዘው አይተናል።

ከዚያም በላይ የጠቀመን አንድ አጭር መስመር ነው። ኳስ አቀባዩ ፊት በሰዓት ነበር የሚሠራው፤ በየግማሽ ሰከንዱ አንድ ኳስ ያቀብላል። አሁን ጎማው 2,500 ላይ እስኪመለስ ይጠብቃል። ከተመለሰ ይለቃል፤ ካልተመለሰ ይይዛታል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ስሙን «ትዕግሥት» አለው። ኮዱ ውስጥ በአማርኛ ፊደል እንዲህ ተጽፎ ይገኛል።

ኳሶቹም ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። በጎማውና በላሜራው መካከል ያለው ክፍተት 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ኳሷ በአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ተጨምቃ ታልፋለች። ብዙ ያገለገለች ኳስ ትለሰልሳለች፤ ጎማው ላይ ትንሸራተታለች፤ ትዘገያለች። ልጆቹ ኳሶቹን ቁጥር ሰጧቸው። ሰባት ቁጥር ሁልጊዜ ታጥር ነበር። ክፍተቱን በ3 ሚሊ ሜትር ስናጠብ ሰባት ቁጥርም ከእህቶቿ ጋር ተስማማች።

ውጭ ስንሞክር ደግሞ ንፋሱ አለ። ጠዋት ጣና ጸጥ ይላል፤ የታንኳ ጥላ እንኳ አይነቃነቅም። ከሰዓት ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። 75 ግራም የሆነች ኳስ ይህን ትሰማዋለች። ስለዚህ ውጭ የምንለካው ጠዋት ብቻ ነው። ከፍታውም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። እዚህ የተስተካከለ ሮቦት ዝቅተኛ አገር ሄዶ ቢወረውር ኳሷ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ልታጥር ትችላለች። የየአገሩ ቡድኖች የሚገናኙበት ፈርስት ግሎባል በፈረንጆቹ 2019 ዱባይ ላይ ነበር የተካሄደው፤ ባሕር ወለል ላይ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ጀምሮ በኮዱ ውስጥ ለከፍታ አንድ ቁጥር ትተዋል። እንሄዳለን ብለው ነው የተዉት። እኔም እንደሚሄዱ አምናለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ የሠሩትን ለማየት መጡ። ልጆቹ ወንበር አቀረቡላቸው። እሳቸው ቆመው ቅርጫቱን ሳይሆን ሮቦቱን ነበር የሚያዩት። ጎማው ተነሳ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ አንድ ቦታ ረጋ። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትወጣ ድምፁ ዝቅ አለ። ኳሷ ገባች። ልጆቹ አልጮኹም፤ እነሱም እንደ ጋሼ ጆሯቸውን ሰጥተው እየጠበቁ ነበር።

ድምፁ ቀስ ብሎ ተመልሶ ቀጠነ። አቀባዩ ሁለተኛዋን ለቀቀ።